ወንበሬን ሜዳ ላይ ያስቀመጡ ዕለት

በፈረንጅ ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ነበር፤ እኔ ስድሳ ሁለት ዓመቴ። ስድሳ ሦስትም ሊሆን ይችላል። እናቴ የተወለድኩበትን ዘመን የምታውቀው አንበጣ በመጣበት ነው፤ አንበጣ ደግሞ በአገራችን አንድ ጊዜ ብቻ አልመጣም።

ያኔ ኻርቱም ነበርኩ፤ ዐማራት ሰፈር ያለች የአንዲት ትንሽ የግል ኮሌጅ ዘበኛ። እነሱ ገፊር ይሉታል። ጠዋት በር እከፍታለሁ። በሩ አጠገብ የተደረደሩትን የመጠጥ ውሃ እንስራዎች እሞላለሁ። ቀኑን ሙሉ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የሚገባ የሚወጣውን አያለሁ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ትንሽ ሲሰበር ደግሞ ጓሮ ያለውን የመረብ ኳስ ሜዳ በጎማ ውሃ አጠጣለሁ። ሜዳው ደረቅ አፈር ነው። ካላጠጡት ልጆቹ ሲዘሉ አቧራው ይነሳና ኳሱንም መረቡንም ይውጠዋል።

የምጽፈው ስለዚያ ሜዳ ነው። ጽሕፈት የኔ ሙያ አይደለም። ዳዊት ሳልደግም ነው ከየኔታ ፊት የጠፋሁት፤ ፊደል እየለቀምኩ ነው የምሄደው። የሚያምር ነገር የፈለገ ሌላ ዘንድ ይሂድ።

ልጄ እዚያው ኮሌጅ ተማሪ ነበረች። ሠራተኛቸው ስለሆንኩ ክፍያውን አቅልለው ነው የተቀበሉልኝ። ሦስተኛ ዓመቷን እስክታጋምስ ድረስ በዚያ በር ስትገባና ስትወጣ አንድም ቀን «አባዬ» ብላኝ አታውቅም። እኔም «ልጄ» ብያት አላውቅም። ቤት ውስጥ አባትና ልጅ ነን፤ በሩ ላይ ስንደርስ የማንተዋወቅ ሰዎች። እኔ ደግሞ ከዚያች ከተማ የምፈልገው ነገር ሁሉ ቀርቶ ይህ አንዱ ብቻ ነበር የቀረኝ፦ በሰው ፊት አባዬ እንድትለኝ። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለምኜ የማገኘው ነገር አይጥመኝም፤ እንዲህ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት።

ነገሩ የተጀመረው በመጀመሪያ ቀኗ ነው። እኔ ጎህ ሲቀድ ነው ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከሐጅ ዩሱፍ የምነሳው፤ እሷ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በሌላ አውቶቡስ መጣች። ከበሩ ስትደርስ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሻይ ይዣለሁ። አየኋት። ከጎኗ የቤት መኪና ያወረዳቸው ሴቶች ልጆች አሉ፤ ሽቷቸው ከነሱ በፊት በር የሚገባ ዓይነት። በልቤ «ይህች ልጅ ገና ዛሬ ነው እግሯ የገባው፤ የገፊር ልጅ ብለው ከጀመሯት በዚያው ትቀራለች» አልኩና ፊቴን ወደ ሻይዬ ደፋሁ። ቆም አለች። ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ጫማዋ ሲቆም ግን አይቻለሁ። ከዚያ ጫማዋ አለፈ።

ይሉኝታ ነው። ያደግንበት ነው፣ ምን ይደረግ። ግን ወዲያው ቅር አለኝ። «እኔ ፊቴን ብደፋስ፣ እሷ ጠጋ ብላ ሰላም ብትለኝ ምን ነበረበት?» አልኩ። አያችሁ፣ በሩን ራሴ ዘግቼ ለምን አልተንኳኳም የምል ሰው ነኝ። በማግሥቱም ፊቴን ደፋሁ። እሷም አለፈች። ከዚያ ልማድ ሆነ።

ቤታችን ሐጅ ዩሱፍ አንድ ክፍል ነው፤ ግቢውን ከሌሎች ሰዎች ጋር ነው የምንጋራው። ሚስቴ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ እዚያው አድራ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እኔና ልጄ ብቻ ነን። ልጄ እዚያው ኻርቱም ነው የተወለደችው። አማርኛዋ «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «በሩን ዝጋ» እስከሚባለው ድረስ ነው የሚያደርሳት። የኔ ዓረብኛ ደግሞ «አምጣ»፣ «ክፈት»፣ «ነገ ና» እስከሚባለው። ከዚያ በላይ ያለ ጉዳይ ሲመጣ ሁለታችንም ዝም ነው። እራት በልተን እሷ መጽሐፏን ትገልጣለች፤ እኔ ሬዲዮዬን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ።

የመጀመሪያ ዓመቷን ከበር ሆኜ አይቼዋለሁ። በዕረፍት ሰዓት ጓሮው ጥግ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ብቻዋን ትቀመጣለች። ምሳዋን የምትበላው ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ነው። ቤት ስትመጣ ራሴን አመመኝ ትላለች፤ ያቀረብኩላትን ግማሹን ትታ ትተኛለች። እኔ የትምህርቱ ክብደት ነው እል ነበር። ትምህርት አላውቅም፤ የማላውቀው ነገር ሁሉ ከባድ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ሜዳውን ሳጠጣ አንዲት ረጅም ሱዳናዊት ልጅ የመታችው ኳስ ሄዶ ልጄ የያዘችው መጽሐፍ ላይ አረፈ። መጽሐፉ ወደቀ። ረጅሟ መጣች። «ማዓለይሽ፣ ይቅርታ» አለችና ኳሱን አንስታ ከመሄድ ይልቅ እፊቷ ቆመች። «አንቺ ሁልጊዜ እዚህ ነሽ። ዛፉን ነው የምትጠብቂው?» ልጄ ሳቀች። የልጄን ሳቅ እዚያ ግቢ ውስጥ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጎማው ከእጄ አምልጦ እግሬን አራሰኝ።

ማታ እራት ላይ «አባዬ፣ ኳስ ልጫወት?» አለችኝ።

«ኮሌጅ የገባሽው ለኳስ ነው?»

ዓርብ እናቷ መጣች፤ ነግራት ኖሮ እኔ ጋ ገና እንደተቀመጠች ጀመረችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ከመጽሐፍ ሌላ ዘመድ የላትም። ተዋት ትዝለል።»

«ማን ከለከላት? ጠየቅኋት እንጂ።»

«አንተ ስትጠይቅ ሰው ፖሊስ ጣቢያ የገባ ነው የሚመስለው።»

በቃ፣ ልጄ መጫወት ጀመረች። እኔም ጎማዬን ይዤ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ኳሱ ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። ቆይታ ዓይኗን ከፈተች። ቆይታ ደግሞ እሷ ናት ሌሎቹን «ተነሽ! ወደ ኋላ! የኔ ነው!» እያለች የምትጮኸው። ቤት የገባችበት የማይሰማ ልጅ እዚያ ድምጿ በግንቡ አልፎ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። ጨዋታ ሲያልቅ ላባቸውን ጠርገው እዚያው አፈር ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡና የዕለቱን ትምህርት ይከላለሳሉ፤ አንዷ ያልገባትን ሌላዋ ታስረዳታለች። ቤት ስትመጣ እንጀራውን ጠርጋ ትበላለች፤ ራስ ምታቱ ጠፋ። ውጤቷም አልወረደም፤ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር «አላልኩሽም?» ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። ሳልለው ቀረሁ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ወባ ያዛት። አልጋ ላይ ሆና «ልጆቹ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ» አለችኝ። ልጆቹ ማለት የኳስ ጓደኞቿ ናቸው። ያንን ስሰማ ጫማዬን አጠለቅሁ። ምን ላድርግ? ገብተው ገፊሩን እዚያ ተቀምጦ ሲያገኙት ምን ይላሉ? እኔን ምን ቸገረኝ፤ እሷን ነው ያሰብኩት። ወጥቼ መንገዱ ማዶ ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። በኛ አገር ባጃጅ የሚባለውን ሪክሻ ተከራይተው መጡ፤ ዘፈን እየዘፈኑ ወረዱ። ግቢያችን ገብተው ብዙ ቆዩ። ሳቃቸው እስከ ሱቁ ይሰማል። ባለ ሱቁ «ሐበሺ፣ ቤትህ ሠርግ አለ እንዴ?» አለኝ። «የልጄ እንግዶች ናቸው» አልኩት። «ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለኝ። አንድ ክብሪት ገዛሁ።

ሲሄዱ ገባሁ። ክፍሉ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። ግቢውን ጠርገውልናል፣ የውሃ ጀሪካኖቹን ሞልተውልናል። ልጄ ትራሱን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። አየችኝ። እኔም ብርቱካን ልጬ በላሁ።

እንግዲህ ረቡዕ ረቡዕ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ አስተማሪዎቹና ሠራተኞቹ ከተማሪዎቹ ጋር ይጫወታሉ። ውድድር የለው፣ ሽልማት የለው፤ የተሸነፈ ሻይ ያፈላል፣ ያ ነው ሕጉ። የሠራተኛው ወገን ሁልጊዜ ሰው ይጎድለዋል። አለቃቸው የሒሳብ አስተማሪው ነው፤ ቀጭን፣ ለፍላፊ፣ ጉልበቱ ላይ ሻሽ የሚያስር ሰው። ረቡዕ በመጣ ቁጥር ከሜዳው ይጠራኛል።

«ያ ሐጅ! አንድ ሰው ጎደለን፤ ተዓል፣ ና!»

«ሐጅ አይደለሁም፤ ክርስቲያን ነኝ። መካ ሄጄ አላውቅም።»

«ኢየሩሳሌምስ ሄደሃል?»

«አልሄድኩም።»

«ታዲያ ከበሩ ሌላ የትም አልሄድክም ማለት ነው። ሜዳ እንኳ ና!»

ሌላ ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው እለዋለሁ። ረቡዕ ለኛ ጾም ነው፣ ውሸት አይደለም። «እኛ በረመዳን እየጾምን ስንጫወት ውሃ የረጨህልን አንተ አይደለህም?» ይለኛል። ሌላ ጊዜ በሩን ማን ይጠብቃል እለዋለሁ። «በሩ እግር አለው እንዴ?» «ሌባ እግር አለው።» ሁሉም ይስቃሉ፤ ልጄ ግን አትስቅም። ከተማሪዎቹ ወገን ሆና ጫማዋን ታስራለች፤ የታሰረውን ጫማ። እኔም እንቢ የምለው ለሷ ብዬ ነበር። አባቷ በነጠላ ጫማ ሲንገዳገድ ጓደኞቿ ሲስቁበት እንዳታይ። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ረቡዕ እንዲህ ሄደ። ያ ሁሉ ረቡዕ!

በሦስተኛ ዓመቷ አጋማሽ አንድ ረቡዕ ሻይ ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሰውዬ አገሩ ሄዶ፣ ሒሳብ ሹሙም ታሞ፣ የሠራተኛው ወገን ባዶ ሊሆን ደረሰ። አስተማሪው ጠራኝ፤ እንደ ልማዴ እንቢ አልኩ። በዚህ ጊዜ ግን ራሱ እበሩ ድረስ መጣ። ከኋላው ሬጅስትራሯ፣ ተማሪ የምትመዘግበው ሴትዮ ነበረች፤ ወፍራም ሴት ናት፣ ስትስቅ ትከሻዋ ነው የሚስቀው።

«የያዘህ ወንበሩ ከሆነ እሱንም እንወስደዋለን» አለኝ።

ቀልዱን ነው ብዬ ብድግ አልኩ፤ ሰውዬውን በደንብ ላየው። ያ ነው ስህተቴ። ብድግ እንዳልኩ ሴትዮዋ «ያላ!» ብላ ወንበሬን ብድግ አደረገችና እየሳቀች ይዛው ሄደች። ወስዳ ሜዳው ውስጥ፣ ኋለኛው ጥግ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው፤ ጥበቃህን እዚህ ሆነህ ጠብቅ። በሩ ከዚህም ይታያል።»

ሄጄ ቆምኩና አየሁ። እውነትም ይታያል። ያ ሁሉ ጊዜ በሩን ነው የምጠብቀው ስል፣ በሩ ከሜዳው ይታይ ነበር። ወንበሬን ይዤ ልመለስ ብል ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወንበር ተሸክሞ የሚሸሽ ሽማግሌ መሆን ነው። ቆምኩ።

የመጀመሪያው ኳስ መጥቶ ወንበሬን መታው። ከሳቁ የተነሳ አስተማሪው መሬት ተቀመጠ። ወንበሩን ከመስመሩ አወጡት። ነጠላ ጫማዬ ያንሸራትተኝ ጀመር፤ አውልቄ በባዶ እግሬ ሆንኩ። ራሴ ያጠጣሁት አፈር ነው። በዚያ ሙቀት፣ ሥሩ ቀዝቃዛ፣ በጣቶቼ መሃል የሚገባ። ስንት ዓመት ሳርሰው ረግጬው አላውቅም ነበር።

አልዋሽም፤ ምንም አልቻልኩም። ኳሱ በቀኜ ሲመጣ በግራዬ እዞራለሁ። አስተማሪው ግን አልተቆጣም፤ «ጥሩ! ጥሩ! ኳሱን አስፈራርተኸዋል!» ይለኛል። በአገሬ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። እዚያ ሜዳ ላይ አስተማሪውን «አንተ ቀጭን፣ ወዲያ በል!» አልኩት፤ ሌላ ቀን ያልኩት እንደሆን ሥራዬን ይዤ አላድርም።

ሊያልቅ ሲል እኩል ለእኩል ሆንን። ኳሱን ከኋላ መስመር ሆና የምታስጀምረው ልጄ ናት። እሷ የምትመታው ኳስ ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ወንዶቹም ይፈሩታል። ረጅሟ ልጅ በመረቡ አጠገብ ዞር ብላ ጮኸች።

«ለገፊሩ! ለገፊሩ ምቺው! እሱ አይችልም!»

ሌሎቹም ተቀበሏት። «ለገፊሩ! ለገፊሩ!»

ልጄ ኳሱን ይዛ ቆመች። አየችኝ። እኔም በዚህ ጊዜ የምደፋበት ሻይ በእጄ አልነበረም፤ አየኋት። ቆየች። ከዚያ ኳሱን ወደ ላይ ወርውራ በሙሉ ጉልበቷ መታችው፤ እየመታችም ጮኸች፣ በአማርኛ።

«አባዬ፣ ያዝ!»

ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። ሰው አንድ ነገር ሲሰጠን በሁለት እጅ እንደምንቀበለው ሁለት እጆቼን ዘረጋሁ። ኳሱ ክንዴን እንደ ጥፊ መታኝና ወደ ላይ ተነሳ። አስተማሪው ዘሎ በመረቡ ላይ አሳለፈው፤ ተማሪዎቹ መሃል ወደቀ። ማንም አላነሳውም። ሁሉም ልጄን ነው የሚያዩት። አባዬ የሚለውን ቃል ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ በነሱም ቋንቋ ቅርብ ነው።

«አባትሽ ነው?» አለች ረጅሟ።

«አባቴ ነው።»

«ይሄ? የኛ ገፊር?»

«አባቴ ነው አልኩሽ!»

ረጅሟ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ውሃው ሞቀ ብዬ ስንት ቀን የጮህኩበት ሰውዬ አባትሽ ነው? አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? አትናገሪም?» በመረቡ ሥር ጎንበስ ብላ አለፈችና እጄን ያዘች። «ዐሚ፣ አጎቴ፣ ማዓለይሽ። ይቅር በለኝ።» እኔ «ውሃውስ በእውነት ይሞቅ ነበር» አልኳት። ሴትዮዋ ከኋላ «እኔማ አውቅ ነበር፤ የመዘገብኳት እኔ ነኝ» አለች። አስተማሪው «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» ሲላት «ባለቤቶቹ ዝም ሲሉ እኔ በምን አፌ?» አለችው።

በመጨረሻ ተሸነፍን፤ ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ።

ሌላ ቀን ልጄ ቀድማኝ ነው የምትሄደው። ያን ቀን ፀሐይ እስክትገባና በሩን እስክቆልፍ ጠበቀችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ክንዴ ቀልቷል። ድልድዩን ስንሻገር እኔ ጀመርኩ። ግማሹን በዓረብኛ ግማሹን በአማርኛ ነበር የተነጋገርነው፤ የጎደለውን በእጃችን።

«እኔ እንኳ ጭራሽ ልታውቂኝ አልፈለግሽም ብዬ ተቀምጬ ነበር» አልኳት።

«እኔ? የመጀመሪያ ቀን ፊትህን ያዞርከው አንተ ነህ።»

«እንዳያፍሩብሽ ብዬ ነው።»

«እነማን?»

«እነዚያ ባለ ሽቶዎቹ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «እኔ ደግሞ ከሻ መሰለኝ» አለች።

ከሻ ማለት አፈሳ ነው። ፖሊስ ገበያ ላይ ወይ መንገድ ላይ ይመጣና ወረቀት የሌለውን የኛን ሰው ሰብስቦ ይወስዳል። ልጄ ትንሽ ሳለች፣ እጇን ይዤ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ስንወጣ፣ ደጋግሜ ያስተማርኳት ነገር ነበር። ፊቴን ካዞርኩብሽ አታውቂኝም ማለት ነው። አባዬ ብለሽ አትጥሪኝ፣ አታልቅሽ፣ ቆመሽ አትይኝ። እለፊ፤ ቀጥ ብለሽ ወደ ቤት። አንድ ቀን እውነትም ደረሰብን። ያዙኝ፤ ፊቴን አዞርኩ። ያቺ ልጅ ዳቦዋን እንደታቀፈች በአጠገቤ አለፈች፤ አንዴም ዞር አላለችም። ማታ ለቀውኝ ስገባ በር ሥር ተቀምጣ አገኘኋት፤ ዳቦው እንደታቀፈ ነው። «ጎበዝ» አልኳት። በጣም ነበር የኮራሁባት።

«ወረቀትህ ላይ የሆነ ነገር ተፈጥሮ ነው አልኩ» አለችኝ አውቶቡሱ ውስጥ። «ልጅ እንዳለህ እንዳይታወቅ። በየቀኑ ስታዞር በየቀኑ አለፍኩ። ስታመምም ልጆቹ ሲመጡ ጫማህን አድርገህ ስትወጣ፣ ይኸው አልኩ።»

«ይህን ያህል ጊዜ አትጠይቂኝም?»

«አንተስ?»

አውቶቡሱ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ።

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?» አልኳት።

ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሜዳ ላይ ስሆን ከሻ የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም። ኳሱን ብቻ ነው የማየው። ልመታ ስል አንተ እዚያ ቆመሃል። አፌ ራሱ ጠራህ።»

እንግዲህ ይኸው ነው። እኔ የዘራሁባት ፍርሃት ወንዝ ማዶ ተከትሏት ኮሌጅ ድረስ ገብቶ ነበር። መጽሐፍ አላወጣላትም፤ እኔም አላወጣሁላትም፤ እናቷም በጸሎቷ አላወጣችላትም። የረጅሟ ልጅ ኳስ ነው ያወጣላት። ልጆቻቸውን ኮሌጅ የሚልኩ የአገሬ ሰዎች «ኳሱ ምን ያደርግላታል፣ ትማር እንጂ» ሲሉ እሰማለሁ። እኔም እል የነበረ ነው። አሁን ግን ሲሉኝ ተዉአት ትዝለል እላለሁ፤ ከቻላችሁ ደግሞ ወንበራችሁን ይዛችሁ ሂዱ እላለሁ። ብዙዎቹ ሽማግሌው ጃጀ ይሉኛል። ይበሉ።

የሚቆጨኝ ጊዜው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለልጄ ከትምህርቷ ብዙ አልቀራትም ነበር። ትምህርቷን ስትጨርስ ጎንደር አጎቷ ዘንድ ሥራ ተገኘላትና ሄደች። እዚያም ከመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ጋር ትጫወታለች አሉኝ። ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ዛሬ ዘለልክ?» ብላ ነው። ለጥቂት ጊዜ ዘለልኩ። ከዚያ የሒሳብ አስተማሪው ሌላ አገር ሄደ፣ ሴትዮዋ ጡረታ ወጣች፣ ጉልበቴም አሁን ለደረጃው እንኳ እንቢ ይላል። ረቡዕ ሲመጣ ያንን ሁሉ «ና!» እና ያንን ሁሉ «እንቢ» አስባለሁ። በሦስቱም ዓመት ሜዳው ከወንበሬ ድምፅ በሚሰማበት ርቀት ላይ ነበር። ወንበሬን ቀድመው ቢወስዱብኝ ኖሮ እላለሁ። ደግሞ መልሼ፣ ራስህ ይዘኸው ብትሄድስ ኖሮ፣ እላለሁ።

የዚያች ረቡዕ ማግሥት ጠዋት እንደ ልማዴ በጎህ ተነሳሁ። ልጄ ተኝታ ነበር። ለምሳዋ ማታ ያሰናዳችው እንቁላል የገባበት ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነሳሁትና ኪሴ ከተትኩት፤ ሆን ብዬ ነው። ሄጄ በሩን ከፈትኩ፣ እንስራዎቹን ሞላሁ፣ ወንበሬን አወጣሁ፤ አልተቀመጥኩበትም ግን። ሻይም አልጠጣሁም። ፀሐይ ከፍ ስትል ከጓደኞቿ ጋር መጣች። ረጅሟም ነበረች፣ ባለ ሽቶዎቹም ነበሩ። አሳለፍኳቸው፤ ግቢው መሃል እስኪደርሱ ጠበቅሁ። ከዚያ ጨርቁን ከኪሴ አውጥቼ ወደ ላይ ያዝኩትና፣ አስፋልቱ ድረስ እስኪሰማ፣ «ልጄ! ምሳሽን ረስተሻል!» ብዬ ጮህኩ።